ልትሰበር የተሠራች ብሎን

እኛ መንገድ ላይ ያሉት ቤቶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ እኔ የምኖርበት የአክስቴ የኤልማ ቤትና የጎረቤታችን የአርቪድ ቤት። ፊት ለፊት ስለሆኑ አንዱ ቤት ሰው ሲያስነጥስ ሌላው ቤት ውስጥ «ይማርህ» ይባላል። አርቪድ ትራክተሩን እንደሸጠ ልነግራት ሮጬ ስገባ፣ አክስቴ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ትራክተሩ በጭነት መኪና ተጭኖ ሲሄድ ታይ ነበር።

«ሸጠው» አልኳት።

«ዓይን አለኝ» አለችኝ።

እዚህ ሰሜን ሚሺጋን፣ ትልቁ ሐይቅ ዳር፣ ክረምት ማለት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ በረዶ መግፋት ማለት ነው። አርቪድ እኔ ሕፃን ከነበርኩበት ጊዜ ጀምሮ በረዶ በጣለ ቁጥር ገና ጎህ ሲቀድ መንገዱን ተሻግሮ የእኛን ግቢ መግቢያ በትራክተሩ ይጠርጋል። የራሱን የሚጠርገው ከዚያ በኋላ ነው። አክስቴ ጥረግልኝ ብላው አታውቅም፤ እሱም ልጥረግልሽ ብሎ አያውቅም። ሲጨርስ ቦት ጫማውን ሳያወልቅ ኩሽናችን በር ላይ ይቆምና ቡናውን እየጠጣ ዳቦዋን ያማል።

«ኤልማ፣ ይሄ ዳቦ ነው ጡብ?»

«ትናንት ሦስት ጡብ ውጠሃል። አራተኛውን በኪስህ ይዘህ የሄድከውስ ማን ነበር?»

«ለግድግዳ ፈልጌው ነው።»

ጨዋታቸው ይኸው ነው። ከዚህ የዘለለ ነገር ሲባባሉ ሰምቼ አላውቅም። ሁላችንም አያቶቻችን ከፊንላንድ የመጡ ነን፤ እኛ ዘንድ ለሰው «ናፍቀኸኛል» ከማለት ጣሪያውን መጠገን ይቀላል።

ባለፈው መጋቢት ግን አርቪድ ከትራክተሩ ሲወርድ አዳለጠውና ጉልበቱን ተጎዳ። ሐኪሙ ከእንግዲህ ትራክተር ላይ መውጣት የለም አለው። ሴት ልጁ ሊን ከምትኖርበት ከግሪን ቤይ ከተማ ድረስ መጥታ ቁርጡን ነገረችው፤ መግቢያህን የሚጠርግልህ ሰው ከሌለ ክረምቱን እዚህ ብቻህን አታሳልፍም፣ በኅዳር ከሚከበረው የምስጋና በዓል በኋላ መጥቼ እወስድሃለሁ፣ ቤቱ ይዘጋል፣ የሚቀጥለውን በረዶው ሲቀልጥ በጸደይ እናያለን። በእኛ አካባቢ «በጸደይ እናያለን» ተብለው የተዘጉ ቤቶች ብዙ ናቸው። መስኮታቸው ላይ ጣውላ ተመትቶ፣ ጣሪያቸው ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይሰምጣል።

ለገንዘብ የሚጠርግ ሰው የለም ማለት አይደለም። አንድ ባለ መኪና አለ፤ የሚመጣው ሲመቸው ነው። አርቪድ ከወደቀ በኋላ አንድ ቀን መጥቶ የፖስታ ሳጥናችንንም አብሮ ጠርጎት ሄደ።

«እንግዲህ ማሽን እንገዛለን» አለች አክስቴ፣ ትራክተሩ ከዓይን ሲሰወር።

«አርቪድስ?»

«አርቪድ ምን?»

«ሊን ልትወስደው ነው እኮ።»

«ትልቅ ሰው ነው፤ የራሱ ጉዳይ ነው» አለችና ድስቱን ማጠብ ጀመረች። ድስቱ ንጹሕ ነበር። ከዚህ በላይ መናገር ፈልጌ ነበር፤ ግን እኔ መናገር ስፈልግ ቃላቱ የሚመጡልኝ ሰው ከሄደ በኋላ ነው።

ቅዳሜ የጎርዲ ሱቅ ሄድን። ጎርዲ የሞተር መጋዝ፣ የሣር ማጨጃና የበረዶ መጥረጊያ ማሽን ይሸጣል። አክስቴ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የተማሪ ቤት አውቶቡስ ሹፌር ስለነበረች፣ በዚህ ወረዳ ከአምሳ ዓመት በታች ያለ ሰው ሁሉ እሷን ሲያይ ወገቡን ቀና ያደርጋል። ጎርዲም አደረገ።

«ወይዘሮ ኤልማ! እንኳን ደህና መጡ።»

«ጎርዲ፣ ማስቲካህን ወንበር ሥር መለጠፍ ተውክ?»

«ተውኩ፣ ወይዘሮ ኤልማ።» ሁለት ደንበኞች ሳቁ። ጎርዲ አንገቱ ድረስ ቀላ።

በመጀመሪያ ትንሹን ማሽን አሳየን። ቀላል ነው፣ በአንድ እጅ ይነሣል። አክስቴ ጎንበስ ብላ ሆዱን አየች።

«መሬቱን እየላሰ ነው የሚሄደው?»

«አዎ፣ እስከ ታች ድረስ ያጸዳል።»

«የእኛ መግቢያ ጠጠር ነው። ይሄ በረዶውን ትቶ ጠጠሩን መስኮቴ ላይ ሊተኩስ ነው። ሌላ።»

በባትሪ የሚሠራውን አሳየን። ድምፅ የለውም፣ ጭስ የለውም። አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። «እንደ ሲልቪ ስልክ ነው። መሐል መንገድ ላይ ስትፈልገው ይሞታል። ሌላ።»

ሦስተኛው የሚስተካከል ጫማ የመሰለ ብረት ከሥሩ ያለው፣ ከጠጠሩ ከፍ ብሎ የሚሄድ፣ ሞተሩም ጎማውን የሚያዞር ነበር። የፊት ጠመዝማዛው በረዶውን እየቆረሰ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ከኋላው ያለው ሁለተኛ ምላጭ ደግሞ እንደ ዝሆን ኩምቢ በቆመው አፍንጫ በኩል ይተፋዋል። እኔ እንኳን ወደድኩት።

«ለእናንተ ይሄ ከበቂ በላይ ነው» አለ ጎርዲ። «መግቢያው ምን ያህል ይረዝማል?»

ይህን ጥያቄ ጠብቄው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ ነው የተማርኩት፤ መሬት መለካት ከማውቃቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። ጠዋት ሜትር ዘርግቼ ለክቼዋለሁ።

«ስልሳ ሜትር» አልኩ።

«መቶ ሃምሳ» አለች አክስቴ።

ጎርዲ ሁለታችንንም አየ። እኔ የለካሁበትን ሜትር ኪሴ ውስጥ ጨበጥኩት።

«ወይዘሮ ኤልማ፣ ቤትዎን አውቀዋለሁ እኮ። መቶ ሃምሳ ሜትር ከሄዱ አርቪድ ሳሎን ይገባሉ።»

«ሳሎን አልገባም። በረንዳው ድረስ ነው» አለች አክስቴ፣ የማሽኑን እጀታ እየነካካች። «አስፋልቱን ሲሻገር ጎማው አይጎዳም?»

ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ድንገት የሚያየው ዕቃ አገኘ። ጎርዲ ጉሮሮውን ጠረገ። «አይጎዳም» አለ። «ግን ለዚያ ርቀት ትልቁ ይሻላል።»

ትልቁ ብርቱካናማ ነበር፤ ፊቱ ላይ መብራት፣ እጀታው ላይ ማሞቂያ ያለው። ጎርዲ ጠመዝማዛው ግንድ ላይ ያለችውን የጣት ያህል ብሎን አሳየን። «ይህች ልትሰበር ነው የተሠራችው። ማሽኑ ድንጋይ ወይም እንጨት ሲነክስ እሷ ትሰበርና ሞተሩ ይተርፋል።»

«ስለዚህ የሚሰበር ነገር በገንዘቤ ልትሸጥልኝ ነው።»

«የማትሰበር ብትሆን የሚሰበረው ትልቁ ነው። ለዚህ ሞዴል ብቻ የምትሆን ናት፤ መለዋወጫ ይዘው ይሂዱ።» እንዴት እንደምትቀየር ሊያሳያት ሲጀምር አክስቴ መፍቻውን ከእጁ ወሰደች። ጓንቷን ሳታወልቅ አሮጌዋን አወጣች፣ አዲሷን አስገባች፣ አጠበቀች። ጎርዲ ገና አፉን አልዘጋም።

«አውቶቡሱን ማን ይጠግነው ነበር የመሰለህ?» አለችው። እፍኝ ሙሉ ብሎን በኮቷ ኪስ ከተተች።

መኪና ውስጥ ብዙ ከሄድን በኋላ ድፍረት አገኘሁ። «ለአርቪድ ልንገረው?»

«ምኑን?»

«መግቢያውን ልትጠርጊለት እንደሆነ።»

«አንድም ቃል እንዳትተነፍሺ። ጥረግልኝ አላልኩትም ነበር፤ ጥረጊልኝ አይለኝም። እንዲህ ነው ሥርዓቱ።»

ማሽኑ ማክሰኞ መጣ። ሲወርድ ማዶ ያለው መጋረጃ እንደተንቀሳቀሰ አይቻለሁ። ችግሩ በረዶው ነበር፤ በተለመደው ጊዜው መጣል እንቢ አለ። የምስጋና በዓል ደረቅ ሆኖ አለፈ። አክስቴ በየማለዳው ወጥታ በረዶውን ወደሚልክብን ሐይቅ ታፈጣለች። «ስንት ዓመት ሙሉ አልፈልግህም እያልኩት ይመጣ ነበር፤ አሁን ስፈልገው ይኮራብኛል» አለች። ስለ በረዶው ነው የምታወራው ብዬ ልለፈው።

ዓርብ ማታ ሊን መጣች። የአርቪድ በረንዳ ላይ ሁለት ሻንጣ ተቀምጦ አየን። ነገ ጠዋት ሊሄዱ ነው። አክስቴ እራት አልበላችም።

ቅዳሜ ስንነሣ ሐይቁ ዕዳውን ሁሉ በአንድ ሌሊት ከፍሏል። በረዶው ከጉልበት በላይ ነው። የመንገድ ሥራው መኪና አስፋልቱን ጠርጎ ሲያልፍ ደግሞ በሁለቱም መግቢያዎች አፍ ላይ ወገብ የሚደርስ የበረዶ ግንብ ትቶ ሄዷል። የሊን መኪና የአርቪድ ግቢ ውስጥ ትልቅ ነጭ ዳቦ መስሏል።

አክስቴ ማሽኑን ስታስነሳ አንድ ነገር ገባኝ። ከኋላዋ ሮጥኩ።

«አክስቴ! ከጠረግሽላቸው እኮ ይሄዳሉ! መኪናዋ መውጣት አትችልም፤ ብትተዪው ዛሬ አይሄዱም!»

አክስቴ ሞተሩን ሳታጠፋ አሰበች። «ካልጠረግኩ ደግሞ የሚጠርግለት የለም ያለችው እውነት ይሆናል» አለችና ማርሽ አስገባች።

የእኛን መግቢያ ከጋራዥ እስከ አስፋልት ከፈለችው። ግንቡን በላችው። የፖስታ ሳጥኑ አጠገብ አልቆመችም፤ መንገዱን ተሻግራ የአርቪድን ግንብ ገባችበት። በረዶው ከአፍንጫው እየተተፋ ሰማይ ይደርሳል፤ ነፋሱ ደግሞ ግማሹን መልሶ ፊቷ ላይ ይዘረግፈዋል። የአርቪድ መስኮት ተከፈተ።

«ኤልማ! ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አይታይሽም? አፍንጫውን አዙሪው! ወደ ግራ!»

«ሞቅ ያለ ቤት ተቀምጦ ማዘዝ ቀላል ነው!»

«ግራ አልኩሽ! ያ ቀኝ ነው!»

«አውቶቡስ ስነዳ ግራና ቀኝ ያስተማርከኝ አንተ ነህ?»

ግን አዞረችው። ከዚያ በኋላ በረዶው በሥርዓት ወደ ጫካው ይወርድ ጀመር። የሊንን መኪና ከበበች፣ መኪናው እስኪወጣ ድረስ ስፋት ሰጠችው። ከዚያም በረንዳው ጋ ደረሰች። ደረጃው ሥር የአጋዘን ሥዕል ያለበት ምንጣፍ ነበር፣ ሊን በገና ያመጣችው። አንዱ ጫፉ ከበረዶው ብቅ ብሏል። እኔ አየሁት። አክስቴም ቀጥታ ነበር የምታየው። አልዞረችም።

ማሽኑ ምንጣፉን ጎረሰ። ጧ! የሚል ድምፅ ተሰማና ጠመዝማዛው መዞር አቆመ። አክስቴ ሞተሩን አጠፋች፣ ቁልፉን ነቀለች፣ እጆቿን አጣጥፋ ቆመች።

«ተበላሸ» አለች።

አርቪድ በፒጃማ ሱሪና በቦት ጫማ ወጣ። ሊን ከኋላው ኮቱን ይዛ ትከተለዋለች። «አባዬ፣ ጉልበትህ!»

«ብሎን የምፈታው በጉልበቴ ነው?» እያነከሰ ወርዶ ማሽኑ አጠገብ ተቀመጠ። «ቁልፉ ተነቅሏል?»

«ይኸው በእጄ።»

«እሺ። ብሎኗ ናት የተሰበረችው። መቀየር ትችያለሽ?»

አክስቴ ማሽኑን አየች፤ ጫካውን አየች። «አልችልም» አለች።

«አትችልም?» አለች ሊን። «ታዲያ አሳያትና እንሂድ፣ አባዬ።»

«በአንድ ቀን የሚለመድ ነገር አይደለም» አለ አርቪድ፣ በጣም ኮስተር ብሎ።

«እኔ ደግሞ ነገር ቶሎ አይገባኝም» አለች አክስቴ። «ክረምቱን ሙሉ ሊፈጅብኝ ይችላል።»

ሊን ሞኝ አይደለችም። ወደ እኔ ዞረች። «ሲልቪ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ መዋሸትም አትችዪበትም። እውነት አክስትሽ ይህን መቀየር አትችልም?»

ሦስቱም አዩኝ። ጓንቷን ሳታወልቅ ስትቀይራት ያየሁት እኔ ነኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃላቱ በጊዜ መጡልኝ።

«የማሽኑ መመሪያ ፊደል በጣም ትንሽ ነው» አልኩ።

ይህ ደግሞ እውነት ነው።

አርቪድ አንገቱን ደፍቶ አሳለ። ሊን መግቢያውን ከበረንዳው እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያም መንገዱን ተሻግሮ እስከ ጋራዣችን ድረስ በዓይኗ ተከተለችው። አንድ ወጥ መስመር ነበር፤ በመሐል የተቋረጠበት ቦታ የለም።

«መለዋወጫ አለሽ?» አለ አርቪድ።

«ከየት አመጣለሁ?» አለች አክስቴ፤ ምንጣፉን ልታወጣ ጎንበስ ስትል ኪሷ ውስጥ ያሉት ብሎኖች ሁሉ ተንቃጨሉ።

አርቪድ አልሰማም። እንዳልሰማ ፊቱ ላይ በግልጽ ይታያል። ከፒጃማው ኪስ መፍቻና አንዲት ብሎን አወጣና ብሎኗን በጣቱ ይዞ አያት። አወቅኳት፤ ለዚያ ሞዴል ብቻ የምትሆነው ናት። ትራክተር የሌለው ሰው፣ የራሱ ማሽን የሌለው ሰው፣ ጎርዲ ሱቅ ምን ሊሠራ ሄደ?

ሊንም ያየችው ይመስለኛል። ኮቱን ትከሻው ላይ ጣለችለት። ከዚያ ደረጃውን ወጥታ አንዱን ሻንጣ አነሣች።

«በጸደይ እናያለን» አለችና ሻንጣውን ወደ ቤት አስገባችው።

አርቪድ መፍቻውን እያዞረ ቀና አላለም። «ኤልማ፣ ዛሬ ጡብ ጋግረሻል?»

«ለማን ብዬ?» አለች አክስቴ፤ ግን ይህን ያህል በቀላሉ የሚያዝ ውሸት ሲዋሽ ሰምቼ አላውቅም፤ የዳቦው ሽታ መንገዱን ተሻግሮ እኛ የቆምንበት ድረስ መጥቶ ነበር።