የጨረር ማስጠንቀቂያ ወይስ የጨረታ ማስታወቂያ

እኔን ያቃጠለኝ ድምፅ ማጉያው ነው እንጂ ሰዉማ ምን አደረገ!

የአደጋ መከላከል ቢሮ ለፋፊ ነኝ። የጨረር አደጋ ልምምድ ያደረግን ቀን አለቃዬ፣ ያ ሲናደድ ጆሮው የሚቀላው ሰውዬ፣ ጠርቶ ቁርጡን ነገረኝ፦ "ዛሬ ሰፈሩ ሰምቶሽ ቤቱ ካልገባ ከነገ ጀምሮ የተቀዳ ድምፅ ነው የምንጠቀመው። አንቺ መዝገብ ቤት ትገቢያለሽ።" እኔ መዝገብ ቤት! አፌን ዘግቼ መቀመጥ የማልችለው ሴትዮ!

ማይኩን ይዤ የተሰጠኝን አነበብኩ። "የጨረር ማስጠንቀቂያ! የጨረር ማስጠንቀቂያ! ሁሉም ነዋሪ..."

በመስኮት ሳይ ሰዉ መግባቱ ቀርቶ ግልብጥ ብሎ ወጥቷል። ፀጉር አስተካካዩ የደንበኛውን ግማሽ ጭንቅላት ላጭቶ ትቶት መጣ። ከሁሉም ቀድማ የቢሯችን በር ላይ የቆመችው ደግሞ እናቴ ናት። በዕድሜዋ አንድ ቀን እንኳ ምክሬን ሰምታ አታውቅም። እየሮጥኩ ወረድኩ።

"እማዬ፣ ምን ሆናችሁ ነው? ግቡ እኮ ነው ያልኩት!"

"የጨረታ ማስታወቂያ ብለሽ የጠራሽን አንቺ አይደለሽ እንዴ? ያን የቢሮውን ፍሪጅ ለማንም እንዳትሰጪብኝ!"

ጉድ ፈላ! ያ የሚቆራርጥ ድምፅ ማጉያ ጨረሩን ጨረታ አድርጎልኛል። ቀና ብዬ አለቃዬን ሳየው ጆሮው ቲማቲም መስሏል። ሳቅም እልህም ያዘኝ።

"አንድ ጊዜ ብቻ ይፍቀዱልኝ" ብዬ ተመልሼ ወጣሁ። ወረቀቱን ወዲያ አልኩና በማይኩ በራሴ አነጋገር ጮህኩ፦ "እናንተ ሰዎች! የሚሸጥ ነገር የለም! ልምምድ ነው፣ አየሩ ተመርዟል እንበል። ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ግቡ! በር መስኮት ዝጉ! ደጅ የነበረ ልብሱን ቀይሮ ይታጠብ! ውጡ ሳልል ማንም እንዳይወጣ! እማዬ፣ አንቺንም ነው!"

ሰፈሩ ሳቀ፣ እየሳቀም ገባ። በሮቹ ጧ ጧ እያሉ ተዘጉ። ግማሽ የተላጨው ሰውዬም ከነፎጣው አስተካካዩን ተከትሎ ሮጠ።

አለቃዬ አላመነም። መንገዱን ተሻግሮ የእናቴን በር አንኳኳ፣ እኔም ከኋላው።

"ማነው?"

"የቢሮው አለቃ ነኝ፣ እማማ። ለቁጥጥር ነው፣ ይክፈቱልኝ።"

"አልከፍትም!"

"ልምምዱን ያዘዝኩት እኮ እኔ ነኝ!"

"የፈለግከውን ሁን! ልጄ ውጡ ሳትል ይህ በር አይከፈትም። ይልቅ አንተም ቤትህ ግባ፣ ያለችውን አልሰማህም?"

አለቃዬ ጆሮውን እያከከ ዞረ። "በቃ፣ የተቀዳው ይቅር። ሂጂና ውጡ በያቸው።"

"ትንሽ ይታገሱኝ፣ ጋሼ" አልኩት። "እናቴ ገና ዛሬ እየሰማችኝ ነው።"