የኤፍሬም ግሬደር

ሔዋን ጠዋት ተነስታ ግቢዋን ጠረገች፤ ለዶሮዎቿ ጥሬ በተነች፤ የትናንቱን ሽሮ አሙቃ ቀመሰች። ከታች ከመርሳ ከተማ ዋና መንገድ የሚኒባስ ረዳቶች «ወልድያ! ወልድያ!» እያሉ ይጣራሉ። ጥቁር ነጠላዋን ደርባ፣ አሮጌ ጨርቅ ይዛ ወጣች። ግሬደሩን የሚወስደው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ መኪና እስኪደርስ አቧራውን ልትወለውል ነበር።

ግሬደሩ ሞተር የለውም፤ በፈረስ የሚጎተት የድሮ መንገድ መደልደያ ነው። አራት የብረት ጎማዎች፣ ረጅም አግዳሚ፣ ከሥሩ ደግሞ አፈር የሚገፋ ስለት አለው። ባሏ ኤፍሬም ከወንዝ ዳር ደለል ቆፍሮ አወጣው፤ ዝገቱን በአሸዋና በነጭ ጋዝ ፈቀፈቀ። ክረምት በወጣ ቁጥር የጋሪ ፈረሶች ያስጠምድና ወደ መስጊዱም ወደ ቤተ ክርስቲያኑም የሚወስደውን መንገድ ያስደለድልበታል። ሰፈርተኛው «ጣውንትሽ ደህና አደረች?» እያለ ይቀልድባት ነበር።

ኤፍሬም ከሞተ ወዲህ ግሬደሩ ከቅሬው፣ ከሰፈሩ ዕድር፣ ድንኳንና ድስት ጋር መጋዘን ተቀምጧል። ዩኒቨርሲቲው በቅርስነት ሊያስቀምጠው፣ የኤፍሬምንም ስም ሊጽፍበት ከእሷ ጋር ተስማምቷል። ሔዋን ግን ይህን ለማንም አልነገረችም። የባሏን ስም ስታነሳ ድምጿ ይከዳታል፤ ሰው ፊት ከማልቀስ ዝም ማለት ይሻላት ነበር።

ስትደርስ መጋዘኑ ውስጥ ግሬደሩ የለም። የተጎተተበት ዱካ ወደ ፈንታው ብየዳ ቤት ይወስዳል። ነጠላዋ እየወደቀ ሮጠች።

የቅሬው ዳኛ ሐጂ አቡበከር በሩ ላይ ተቀምጠዋል።

«አይ፣ ደረስሽብን! ለሙት ዓመቱ ልናሳይሽ ነበር እኮ» አሏት።

ግድግዳው ላይ አዲስ የመቃብር አጥር ተደግፏል። አግዳሚው ተቆራርጦ ቋሚ ሆኗል። ጎማዎቹ ለሁለት ተሰንጥቀው አናቱ ላይ ለጌጥ ተበይደዋል። ስለቱ ላይ የኤፍሬም ስም ተጽፏል።

«ብረቱ የመቁረጫ ዲስክ ጨረሰብኝ» አለ ፈንታው። «ይሄኔ ኤፍሬም እጅህን አንሳ እያለ እየሰደበኝ ነው።»

«ዝም በል፣ አንተ ለፍላፊ» አሉ ሐጂ። «ልጄ፣ ቁርጥራጭ ብረት ገዢ መጥቶ በኪሎ ልውሰደው አለን። አባረርነው። ከዚያ ቅሬው መከረና፣ ኤፍሬም የሚወደው ነገር ባዳ እጅ ከሚገባ እሱው ጋር ይሁን አልን። አባቴ ድሮ ፈረስ ጠምደው ነድተውታል። ሲቆረጥ እኔም አልቅሻለሁ።»

ሔዋን ከወለሉ ላይ የብረት ቁርጥራጭ እያነሳች ነጠላዋ ውስጥ ትሰበስብ ጀመር።

«ፈንታው፣ መልሰህ ግጠመው።»

«እትዬ፣ ምኑን?»

«እንደነበረው አድርገው። እባክህ።»

ፈንታው መነጽሩን አወለቀ። «አስመስልልሽ ይሆናል። እሱ ግን አይሆንም።»

ስልኳ ጮኸ፤ ሾፌሩ ነበር። «መርሳ ገብተናል። ዕቃው የት ነው ያለው?»

ሐጂ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «ልጄ፣ ምን አጠፋን?»

ፊታቸውን አየች። ነጠላዋን ፈትታ ቁርጥራጮቹን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ምንም አላጠፉም፣ ሐጂ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ለሾፌሩም «ተመለሱ» አለችው።

አጥሩ በሙት ዓመቱ ተተከለ። ክረምቱ ወጣ፤ ጎርፍ መንገዱን ቦርቡሮታል። ፈረሶቹ አሉ። ኤፍሬም የለም። ግሬደሩም የለም።