የመጀመሪያው ቀን ፎቶ

ፎቶ ቤት ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ የደንበኛ ብጉር በኮምፒውተር አጠፋለሁ፤ አንድ ፊት ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም። ለራሴ ብጉር ግን ፋርማሲስቷ የአሲድ ክሬም ሰጠችኝና፣ «በስሱ ተቀቢው፤ ለውጡን ለማየት ሦስት ወር ታገሺ» አለችኝ። ሦስት ወር! እኔ ሻይ እስኪፈላ የማልታገሥ ሰው!

ተቀባሁት። ቆጠቆጠኝ፣ አሳከከኝ። በቀን አሥር ጊዜ መስታወት ፊት ስቆም ታላቅ እህቴ ሰለቻት። «ዛሬ ፎቶ ተነሺና አስቀምጪው፤ በኋላ ታስተያዪዋለሽ» አለችኝ። እሺ ብዬ ሥራ ቦታ ተነሣሁ።

ሦስት ወሩ እንደሞላ ሌላ ተነሥቼ ቤት ስገባ፣ ሁለቱን ስልኬ ላይ ጎን ለጎን ከፈትኳቸው። ደሜ ፈላ። በፊተኛው ፊቴ ጥርት ብሏል፤ በአሁኑ አራት ብጉር አለ።

«ይሄ መርዝ ነው ያበላሸኝ! ያቺን ፋርማሲስት ዛሬ አሳያታለሁ!» ብዬ ቦርሳዬን አነሣሁ።

እህቴ ስልኩን ተቀብላኝ የፊተኛውን ፎቶ አየችው። «አንቺ፣ ከተወለድሽ ጀምሮ አገጭሽ ላይ ያለው ጥቁር ነጥብ የት ሄደ?»

ቦርሳዬን መልሼ አስቀመጥኩ። ለካ ይሄ የለመደበት እጄ፣ ያን ቀን እኔንም እንደ ደንበኛ አጽድቶኝ ኖሯል። አሁን ክሬሙ መሥራት አለመሥራቱን የምታውቀው የድሮ ፊቴን የምታስታውሰው እህቴ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ሳቋን አልጨረሰችልኝም።