አደራ የተቀመጠበት ሙዚየም

የሉማሜ አሮጌ መናኸሪያ ሙዚየም ሆኗል ቢባልም ወሬው ለገበያተኛው የደረሰ አይመስልም። አውቶቡሱ ሁሉ ወደ አዲሱ መናኸሪያ ከሄደ ቆየ፤ ሰዉ ግን ዛሬም ዕቃውን ተሸክሞ የሚመጣው ወደ አሮጌው የትኬት መስኮት ነው። «ጋሽ ገዳሙ፣ እስክመለስ አደራ» ይልና ጥሎ ይሄዳል። ዕድሜ ልካቸውን እዚያው ትኬት ሲቆርጡ ኖረው አሁን የሙዚየሙ ጠባቂ የሆኑት ገዳሙም እምቢ ማለት አልሆነላቸውም።

ዛሬ ግን ጭንቅ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተቆጣጣሪዎች መጥተዋል። የረባ ቅርስ ካላገኙ ቤቱ የማዳበሪያ መጋዘን ሊሆን፣ ገዳሙም ቤታቸው ገብተው ቀኑን ሙሉ ከሚስታቸው ጋር ሊፋጠጡ ነው። ያለው ቅርስ ደግሞ አንድ የትኬት መብሻና ድምፁ የጠፋ የአውቶቡስ ክላክስ ብቻ ነው።

የቡድኑ መሪ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ክላክሱን ገልመጥ አድርገው አለፉት። ጥግ የቆመውን ቀንበር ሲያዩ ግን ፊታቸው በራ።

«ይኼስ የመቼ ነው፣ አቶ ገዳሙ?»

አወቀ የሚባል ገበሬ ጧት ከገበያ ገዝቶ ያስቀመጠው ነው።

«የጥንት ነው፤ የአባቶቻችን» አሉ ገዳሙ። ምን ያድርጉ፣ የማዳበሪያው ሽታ ከወዲሁ አፍንጫቸው ገብቷል።

ወይዘሮዋ «በእጅ መንካት ክልክል ነው» የሚል ካርቶን ከቦርሳቸው አውጥተው አንጠለጠሉበት።

ይኼኔ አወቀ እያለከለከ ገባ። «ጋሽ ገዳሙ፣ አደራዬን ይስጡኝማ፣ ሚኒባሱ ሊሄድብኝ ነው።»

«ቅርስ አይነካም» አሉ ወይዘሮዋ።

«ኧረ እትዬ፣ ነገ የማርስበት ነው።»

ገዳሙ መዋሸቱንስ ዋሹ፤ እጃቸው የገባ አደራ ግን ጠፍቶ አያውቅም። ካርቶኑን ፈተው ቀንበሩን ለአወቀ አሸከሙት።

«ዋሽቻለሁ፣ እመቤቴ። ገና ዛሬ የተገዛ ነው» አሉ፤ አፍረው መሬት መሬት ያዩ ጀመር።

ከአወቀ ኋላም አንዲት ሴት አደራ ያስቀመጠችውን ዶሮ፣ አንድ ዲያቆንም ጃንጥላውን ሊወስዱ መጥተው ይዘው ወጡ። ሙዚየሙ ጭር አለ። ወይዘሮዋ ወደ መኪናቸው ሄዱ። ገዳሙም የሚስታቸው ፊት ታያቸው።

ወዲያው ወይዘሮዋ ትልቅ ሻንጣ እየጎተቱ ተመለሱ።

«ጋሽ ገዳሙ፣ መኪናው ጠቦናል። ደጀን ደርሰን እስክንመለስ አደራ።»

ገዳሙ ሻንጣውን ቀንበሩ በነበረበት ጥግ አቁመው ካርቶኑን አንጠለጠሉበት። የወይዘሮዋ ሻንጣ እዚያ እስካለ ቤቱን መጋዘን የሚያደርገው የለም። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አደራ ያስቀመጠ ሰው ቶሎ እንዳይመለስ ጸለዩ።