የጋሼ ፍሬን ሚስት ቃለ መጠይቅ

«ጥቁሩን ታወልቂዋለሽ፤ ሌላ መላ የለውም» አላት የባሏ ወንድም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ኩሽና ውስጥ ናቸው። እሷ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ የታጠበውን ብርጭቆ መልሳ እያጠበች ነው። «እዛ ኤምባሲ መስኮት ፊት በጥቁር ልብስ ብትቆሚ ‹ማን ሞተብሽ?› ነው የሚሉሽ። ከዚያ ምን ልትዪ ነው?»

«የሞተብኝን ነዋ።»

«ኤጭ! እሱን እኮ ነው የምልሽ!»

ሰውዬው የቤት ደላላ ነው። አፉ ቅቤ ነው፤ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት «አየር እንደ ልብ የሚገባበት» ብሎ ያከራያል። ወንድሙን ትናንት ቀብሮ ዛሬ ዓይኑ አብጧል፣ ድምፁ ሰልሏል፤ ድለላው ግን አልለቀቀውም።

«ስሚኝ እህቴ። ቀጠሮው ነገ ጠዋት ነው። ይሄን ቀን ስትጠብቁ ስንት ዘመናችሁ? እሱ የዛ አገር ዜጋ ነበር፣ አንቺ ሚስቱ ነሽ፣ እዚሁ አብረሽው እየኖርሽ በገዛ እጁ አመልክቶልሻል። መሞቱን በምን ያውቃሉ? ገብተሽ የተለማመድሽውን መልሰሽ ትወጫለሽ። ቪዛሽን ከያዝሽ በኋላ እንደ ልብሽ አልቅሺ፤ ማን ይከለክልሻል?»

«እማማስ?»

ደላላው በበሩ ክፍተት ወደ ሳሎን አየ። እናቱ ጥግ ላይ ካለው ወንበር ከጠዋት ጀምሮ አልተነሱም። «እማዬን ለኔ ተይልኝ» አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ ግን እናቱን አንድም ነገር ደልሎ ተሳክቶለት አያውቅም።

ሳሎኑ በወንበር ተሞልቷል። የሚገባው ሁሉ «እግዜር ያጽናሽ» ይላል፣ ቡና ይቀርብለታል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ከዚያ ስለ ኑሮ ውድነት ያወራል። ልብስ ሰፊዋ መቀመጥ አልሆነላትም። የመጋረጃው ጠርዝ ተተርትሮ አየችና መርፌ ፍለጋ ተነሳች፤ «ኧረ ተይ፣ ሰው ምን ይላል!» ብለው መልሰው አስቀመጧት። ስትቀመጥ ደግሞ ቀኝ እግሯ ወለሉን ይመታ ጀመር። ዕድሜ ልኩን የስፌት መኪና ሲረግጥ የኖረ እግር፣ ለቅሶ ቤት ነው ብትለው የሚሰማ መሰላችሁ?

ደግሞ የሚረገጥ መኪና የት አለና! ሱቋን አስረክባለች፣ መኪናዋን ሸጣለች። ቀጠሮው መጣ የተባለ ዕለት ባሏ «ቆይ እንጂ፣ ቪዛው ይውጣ» ቢላት መቼ ሰምታ። ችኩል ናት። አሁን ይኸው፣ ሱቅ የለ፣ መኪና የለ፣ ባል የለ። የተቀመጠችበት ቤት እንኳ የአማቷ ነው። የቀራት ነገር ቢኖር የነገው ቀጠሮ ብቻ ነው።

ከኋላዋ ሁለት ሴቶች የሚያንሾካሹኩ መስሏቸው ያወራሉ።

«ሊወስዳት መች ፈለገ? ስንቴ ነው ያራዘመው!»

«እዛ ሌላ ሴት ሳትኖረው ትቀራለች ብለሽ ነው?»

እሷም በጊዜው ይህንኑ ብላዋለች። ማመልከቻው ከገባ በኋላ ከኤምባሲው አንድ ጥያቄ መጣለት፦ አንተ አሁን የምትኖረው ከአገራችን ውጭ ነው፤ ሚስትህ ስትመጣ አንተም ተመልሰህ እኛ አገር እንደምትኖር አስረዳ የሚል። እሱ ዛሬ ነገ ሲል ወራት አለፉ። አንድ ቀን ትዕግስቷ አለቀና መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ «እዛ ሴት ካለችህ ንገረኝና ልረፈው!» አለችው።

ሳቀ። «እዛ ያለችኝ አንዲት አሮጌ ፍሪጅ ናት። እሷንም ለጎረቤት ሰጥቻታለሁ።»

«እና ምንድን ነው የያዘህ?»

ሳቁን ትቶ አያት። «እዛ ስንት ዓመት ስኖር ሻይ በስንት ስኳር እንደምጠጣ የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረኝም። አንቺም እንደዚያ እንዳትሆኚብኝ ፈርቼ ነው።»

«አንተ አታውቅልኝም እንዴ ታዲያ?»

በማግስቱ ሄዶ የተጠየቀውን አሟላ። መሄድ የፈለገችው እሷ ናት፤ ለሚሄድ ሰው ቀሚስ ስትሰፋ፣ የሚሄድ ሰው ሱሪ ስታሳጥር ኖራ፣ አንድ ቀን ለራሷ ሰፍታ መሄድ አማራት። እሱ እሺ ያለው ለሷ ብሎ ነው። ይሄን ለሴቶቹ ዞር ብላ ብትነግራቸው ደስ ባላት፤ ግን ምን ያደርጋል።

ባሏ መኪና መንዳት አስተማሪ ነበር። የማስተማሪያ መኪና በአስተማሪው በኩልም ፍሬን አላት፤ እሱ በሷ ላይ ኖሮ ኖሮ እግሩ ለመደበትና በሰው መኪና ሲሳፈር እንኳ የሌለ ፍሬን ይረግጥ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ አንዴ እንኳ ሙሽራ መኪና ውስጥ። ተማሪዎቹ «ጋሼ ፍሬን» ብለው አወጡለት፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ቃለ መጠይቁንም ያስጠናት እንደ መንዳት ነው። ማታ ማታ ከራት በኋላ ክራቫት አስሮ የኩሽናው ጠረጴዛ ማዶ ይቀመጣል። ጉሮሮውን ይጠራርጋል።

«ወይዘሮ፣ ባልዎ በየት በኩል ነው የሚተኛው?»

«በግራ።»

«ሻይ በስንት ስኳር ይጠጣል?»

«በሦስት ማንኪያ። ሐኪሙ ከከለከለው ወዲህ ግን እኔ ፊት በአንድ ይጠጣና ጓዳ ገብቶ ሁለቱን —»

ጠረጴዛው ሥር እግሯን ርግጥ። «ፍሬን! ይሄን ማን ጠየቀሽ! የተጠየቅሽውን ብቻ መልሰሽ ቁሚ። ወሬ ሲበዛ ይጠረጥራሉ።»

«እህ! ባሌን አታውቂውም እንዳይሉኝ ነዋ!»

«ስታወሪ ማስረጃ ሳትሆኚ አደጋ ነሽ» ይላትና ሁለቱም እስኪያነቡ ይስቃሉ። ከማዶ ክፍል አማቷ ግድግዳውን ይደበድባሉ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ልጅ እግር ነርስ ገባች። ጋሼ ፍሬን የመጨረሻ ቀን ያስተማራት እሷን ነው። በሩ ላይ ቆማ ማልቀስ ጀመረች።

«ቁልቁለቱ ላይ ነበርን» አለች። «መኪናው ቀስ ብሎ ዳር ያዘና ቆመ። እኔ ያጠፋሁ መስሎኝ ‹ይቅርታ ጋሼ› አልኳቸው። ዝም ሲሉኝ ዞር ብል... እግራቸው ፍሬኑ ላይ ነበር። እኔ እኮ አልያዝኩትም። እሳቸው ናቸው ይዘውልኝ የሄዱት።»

ከጥጉ ወንበር የልብስ ሰፊዋ አማት ድምፅ መጣ።

«ሲያስተምርሽ ይቆጣሽ ነበር?»

«ኧረ እሳቸው! አንድ ቀን ተቆጥተው አያውቁም።»

«እንዴ!» አሉ አሮጊቷ። «ልጄ እኮ ቁጡ ነው።»

እሳቸው የሚያውቁት ልጅ፣ ጢሙ ሳያቀመቅም ከቤት የወጣው ነዋ። ጸጉሩ ሸብቶ ተመልሶ ሲመጣ ገና በሩ ላይ «ሂያጅ ነህ፤ ልለምድህ አልፈልግም» ብለውታል። ሚስት አግብቶ እዚሁ ሲኖር ልባቸው ትንሽ ቀለጥ ማለት ጀምሮ ነበር፤ የቪዛውን ነገር ሲሰሙ መልሰው ቆለፉት። በአንድ ጣሪያ ሥር «ደህና አደርክ»፣ «ደህና እደር» ሲባባሉ ኖሩ።

ለቀስተኛው ሲቀል አሮጊቷ ልብስ ሰፊዋን በጣታቸው ጠሯት።

«ትሄጃለሽ አሉ።»

«እማማ፣ እስቲ ይስሙኝ—»

«የልጄ አፈር ሳይደርቅ፣ ሰው ፊት ቆመሽ ‹ደህና ነው› ልትዪ!»

«ሱቄን ለቅቄያለሁ እኮ እማማ። ምን ልሁን? የትስ ልግባ?»

አሮጊቷ ፊታቸውን አዞሩ። ከቤቴ ውጪ አላሉም፣ ተቀመጪም አላሉም። ይሄ ከስድብ ይብሳል።

ጠዋት ጥቁሩን አወለቀች። ለዚሁ ቀን የሰፋችውን ቀይ ቀሚስ ስትለብስ እጅጌው እምቢ አላት። ሳሎን ውስጥ ቀድመው የመጡ ለቀስተኞች ነበሩ፤ በኋላ በር እንድትወጣ ያደረጋት ደላላው ነው። መንገዱን ሙሉ ጆሮዋ ሥር አልጠፋም። «‹ባለቤትዎስ?› ካሉሽ ‹ደህና›። አለቀ። ሌላ እንዳትጨምሪ። ደህና!»

«ሰማሁ እኮ!»

«አንቺን አውቅሻለሁ፤ አንድ ቃል አይበቃሽም።»

የኤምባሲው በር ላይ ሲለያዩ ክራቫት የሚያስተካክልላት ይመስል የቀሚሷን አንገት ነካ ነካ አደረገላትና ቶሎ ፊቱን አዞረ።

ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ሰው ሁሉ ፋይሉን አቅፎ እንደ ተማሪ ተደርድሯል። ተራዋ ደረሰ። ከመስታወቱ ኋላ ያለችው ሴት መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላለች፤ ቋንቋውን ትችላለች፣ አልፎ አልፎ ያዝ ያደርጋታል እንጂ።

«እንደምን አደሩ? ከመጀመራችን በፊት ቀኝ እጅዎን ያንሱ። የሚናገሩት ሁሉ እውነት እንደሆነ ይማላሉ?»

ጉድ ፈላ! ይሄን አልተለማመዱትም። ጋሼ ፍሬን የአልጋውን አስቦ፣ የስኳሩን አስቦ፣ የሠርጉ ዕለት ስለዘነበው ዝናብ ሳይቀር አስጠንቶ፣ መሐላውን ግን ረስቶታል። እንዴት ይምጣለት? በገዛ ጠረጴዛቸው ላይ ማን ማንን ያስምላል?

እጇን አነሳች። «እምላለሁ።»

«መልካም። ባለቤትዎ እንዴት ናቸው?»

ሴትዮዋ ለወጉ ያህል ነው የጠየቀችው፤ ዓይኗ ፋይሉ ላይ ነው። መልሱ ደግሞ አንዲት ቃል ናት። ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፈተች፤ ቃሏ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች። እጇ ግን ገና አልወረደም። በዚህ እጅ ከትናንት ወዲያ አፈር በትናበታለች።

«ሞቷል» አለች። «ቀብሬው ነው የመጣሁት።»

ሴትዮዋ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ እጇ ላይ ያዘችው። «በጣም አዝናለሁ» አለች። «አመልካቹ እሳቸው ናቸው። እንዲህ ከሆነ ዛሬ ልጨርስልዎ አልችልም። ሌላ መንገድ ይኖር እንደሆነ እንጠይቃለን፤ ተስፋ ግን ልሰጥዎ አልችልም።»

ፋይሉ ተዘጋ። በቃ፤ የቀራት ነገር ሁሉ ያ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ግን ከመስኮቱ አልተነቃነቀችም።

«አይጠይቁኝም?»

«ምኑን?»

«ጥያቄዎቹን። ተዘጋጅቼ ነበር እኮ።»

«አሁን እንኳ አያስፈልግም...»

«በግራ በኩል ነው የሚተኛው» አለች። «ሻይ በሦስት ስኳር ነው። እኔ ፊት ግን በአንድ።» ጀመረች፤ ከጀመረች ደግሞ ማን ያቆማታል። ካልሲውን ቆሞ እንደሚያጠልቅ፣ ሲሳሳት «ይቅርታ» ከማለት ይልቅ ጫማዋን እንደሚወለውልላት፣ መብራት ሲጠፋ እንደሚያፏጭ ተናገረች። ብዙ አወራች። ጠረጴዛ ሥር እግሯን የሚረግጣት የለማ! ከኋላዋ ያለው ሰልፍ ተነጫነጨ። ሴትዮዋ ሰልፉን በእጇ ዝም አሰኝታ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

ቤት ስትደርስ ሳሎኑ እንደ ሞላ ነው። ቀዩ ቀሚስ በጥቁሩ መሐል ሲገባ ወሬው ቀጥ አለ። ደላላው ከኋላዋ ነው፤ መንገድ ላይ አንዲት ቃል አላወጣችለትም።

«አሁንስ ትነግሪኛለሽ? ምን አሉሽ?»

«ሞቷል አልኳቸው።»

«አበስኩ ገበርኩ! በገዛ እጅሽ!» ራሱን ይዞ ወንበር ላይ ዘጭ አለ። ለወንድሙ ሊሠራለት የቀረችው አንዲት ነገር ይቺ ነበረች። ሲደራደር ሰንብቶ ገና አሁን፣ ሰው ፊት፣ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

«ነይ እዚህ» አሉ አሮጊቷ ከጥጉ።

ሄደች። ቆማ ስድቡን ጠበቀች።

«ምን ጠየቁሽ?»

«ምንም እማማ። እኔው ነኝ የለፈለፍኩት።»

«ምን አልሽ?»

«ስለሱ ነዋ። እንዴት እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚወድ...»

«ለባዕድ?»

«ለባዕድ።»

አሮጊቷ መሬት መሬቱን አዩ። ከዚያ ጎናቸው ያለውን ባዶ ወንበር ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«ተቀመጪ። ይሄ ቤት እስካለ የት እገባለሁ አትበዪ። እስቲ ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። እኔ እኮ እናቱ ነኝ፤ ማን ነበር ብባል የምለው የለኝም። በየት በኩል ነው የሚተኛው?»

«በግራ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ።»

«ሻይስ?»

«በሦስት ማንኪያ ስኳር። ሲቆጣ አይጮህም፣ ዝም ነው የሚለው። ሲደሰት ደግሞ—»

«ቀስ በይ፣ አትሩጪብኝ» አሉ አሮጊቷ።

ልብስ ሰፊዋ ቀስ አለች። አሮጊቷም ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ነገ እንደሚጠየቅ ሰው፣ አንድ በአንድ ጣታቸውን እያጠፉ ደገሙት፦ በግራ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ፤ በሦስት ማንኪያ።