ከጂም በፊት ግማሽ ሰዓት

ኦክሂ እስከ ወገቧ ድስቱ ውስጥ ጎንበስ ብላ ከሥሩ የተቃጠለውን ሩዝ እየፈገፈገች ሳለ፣ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ስልኳ ተንቀጠቀጠ። አውጥታ ማየት አላስፈለጋትም። ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል ማለት ነው፤ መልእክቱም የወንድሟ ሚስት የማልሱን ነው፤ «በላሽ?» የሚል። ሰባ ቀን ሙሉ አንዴም ዝንፍ ብሎ አያውቅም።

እጇን ታጥባ ከማቀዝቀዣው የራሷን ዕቃ አወጣች። የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ስምንት መቶ ልጆች የበሉት በበርበሬ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ገና ይሸታል። የእሷ ምሳ ያለ ጨው የተቀቀለ የዶሮ ደረትና ጭብጥ የማይሞላ ስኳር ድንች ነበር። ቆማ በላች። የሥራ ባልደረቦቿ መጀመሪያ ሰሞን «በአርባ ዘጠኝ ዓመትሽ ማን ሊያይሽ ነው?» እያሉ ያበሽቋት ነበር። ምክንያቱን የሰሙ ዕለት ግን ጸጥ አሉ፤ ጸጥታቸው ከተረቡ ይልቅ ከበዳት።

ታላቅ ወንድሟ ቹንሺክ ጉበቱ ደርቆ ዴጉ ከተማ ሆስፒታል ከተኛ አምስተኛ ወሩ ነው። ከቤተሰቡ ሁሉ ደሟ የተስማማው እሷ ብቻ ናት። ይሁን እንጂ ሐኪሙ ምስሉን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ የራሷ ጉበት ሲሶው ስብ ነበር። እንዲህ ያለ ጉበት ተቆርጦ ለሰው አይሰጥም፤ መጀመሪያ ስቡ ይቅለጥ አለ። ቹንሺክ ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የእህቱን ሥጋ አስቆርጦ ከሚኖር ቢሞት እንደሚሻለው ተናገረ፤ ዘመድ ሁሉ በሰውየው ጨዋነት ተገረመ። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ትምህርቱን ጥሎ ጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ የገባው፣ እናትና አባታቸው ሲሞቱ እሷን ለማሳደግ ነበር። ያኔም አልጠየቀችውም፤ ዛሬም እሱ አልጠየቃትም።

ስቡን የምታቀልጥበትን የምግብና የጂም ፕሮግራም የጻፈችላት ማልሱን ናት። ከጂም ሁለት ሰዓት ተኩል ቀደም ብሎ ዶሮና ስኳር ድንች፤ አንድ ሰዓት ሲቀር ግማሽ ሙዝ፤ ግማሽ ሰዓት ሲቀር ከአረንጓዴ ሻይ የተጨመቀው ክኒን በባዶ ጥቁር ቡና፤ ከጂም በኋላ የፕሮቲን ዱቄት በውኃ። ኦክሂን ከረሃቡ ይልቅ ያደከማት ሰዓቱ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ሙዝ ትልጣለች፤ ጂሙ ያለበት ምድር ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጣ ክኒን ትውጣለች፤ ከዚያ ልጇ የሚሆን አሰልጣኝ እየቆጠረላት፣ ጠዋት ድስት ያነሳ ክንዷ ከሰዓት በኋላ ብረት ያነሳል። አሥር ኪሎ ቀንሳለች። መስተዋት ስታይ ግን ቀጭን ሴት ሳይሆን የተጨመቀች ሴት ነበር የምታየው።

ዛሬ ወደ ጂም አትሄድም። የምርመራው ውጤት ደርሶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሆስፒታል ቀጠሮ አላት።

ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። ስቡ ከሚፈለገው በታች ወርዷል፤ ይህን በስድስት ወርም የማይችሉ ብዙ ናቸው አላት። እሷ ፈገግ ልትል ስትል ግን ድምፁ ተለወጠ።

«ጉበትዎ ግን ተቆጥቷል። ከወር በፊት እንዲህ አልነበረም። ምን እየወሰዱ ነው?»

ቦርሳዋን ከፍታ ያላትን ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ሐኪሙ ዱቄቱን ገፋ አድርጎ የክኒኑን ብልቃጥ አነሳ። በባዶ ሆድ ነው ወይ አለ። ከግማሽ ሙዝ ጋር ነው አለችው። አንዳንድ ሰው ላይ ይህ ጭማቂ ጉበት እንደሚጎዳ፣ የምትውጠውንም ስፖርቱንም አቁማ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደሟ እንደገና እንደሚታይ፣ ያኔ ከወረደ ቀዶ ሕክምናው እንደሚቀጥል ነገራት። ወንድሟ ሦስት ሳምንት ይቆያል ወይ ብላ ጠየቀችው። ብዕሩን ዘጋና ብልቃጡን እንደገና አነሳ።

«ይህን ማን ሰጠዎት?»

«ራሴ ነኝ የገዛሁት፤ ገበያ ላይ» አለች።

ማልሱን ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር። ኦክሂ ስቡ መቅለጡን አስቀድማ ነገረቻት፤ የቀረውን አቅልላ፣ ስፖርቱን ስላበዛችው ሰውነቷ እስኪያርፍ ሦስት ሳምንት እንደሚጠበቅ አስመስላ አወራች። ማልሱን የምትሰማት ግን በጆሮዋ አልነበረም፤ ዓይኗ ቦርሳው ላይ ተተክሎ ቀርቶ ነበር።

«ክኒኑ ነው?» አለች ቀስ ብላ።

«አይደለም፣ እትዬ።»

ማልሱን ውኃ ልቅዳ ብላ ሄደች። የያዘችው ጠርሙስ ግን ሙሉ ነበር።

ቹንሺክ ትራሱን ደገፍ ብሎ ተቀምጧል። የዓይኑ ነጭ የሎሚ ልጣጭ መስሏል፤ ሆዱ በዚህ ሳምንት ብቻ ሁለት ጊዜ ውኃው ተቀድቶ እንደገና ተነፍቷል። ለእሱም ያንኑ የተቃለለውን ወሬ ነገረችው። የብርድ ልብሱን ጫፍ እያጣጠፈ ሰማት።

«ውሸት ድሮም አይሆንልሽም» አለ። «የጎዳሽ ክኒኑ ነው፤ እሱን የመረጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ። እዚሁ ተኝቼ ስልክ ስነካካ ነው ያየሁት። በሁለት ሳምንት ስብ ያቀልጣል ይላል። ግዢላት፣ ግን የመረጠው እሱ ነው እንዳትያት ብዬ ማልሱንን አስማልኳት።»

ኦክሂ ትክ ብላ አየችው። «ለምን ደበቅከኝ?»

አጠገቡ ያለው በሽተኛ መጋረጃው ጀርባ ሳል ጀምሮ እስኪጨርስ ጠበቀ።

«ብሞት ይሻለኛል ማለቴን ሰው ሁሉ ሰምቷል። በምን አፌ ልመልሰው? ሌሊት ግን ቀን እቆጥር ነበር፤ ምነው ዘገየች፣ ምነው ቶሎ ቶሎ አትልም እያልኩ።» ድምፁ አነሰ። «መኖር እፈልጋለሁ፣ ኦክሂ።»

ንዴት ይመጣል ብላ ጠበቀች። መጣም፤ ከክኒኑ በኋላ ምላሷ ላይ የሚቀረውን ምሬት የሚያህል ትንሽ ነገር ነበርና ብዙ አልቆየም። ሰባ ቀን ሙሉ የሮጠችው ፊቱን ወደ ግድግዳ ላዞረ ሰው ነበር። እምቢ የሚልን ሰው ለማዳን መድከም ምን ያህል እንደሚከብድ እስከ አሁን ለራሷም አልነገረችም። እዚህ የተቀመጠው ሌላ ሰው ነው፤ ፈሪ ነው፤ ከዚያኛው ይልቅ ይህኛውን ታውቀዋለች።

«ጋሼ» አለች፣ «ይህን ያኔ ብትነግረኝ ኖሮ ሩጫው ይቀልልኝ ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ። አልጋው ሥር የተሸጎጠውን፣ አስታማሚ የሚተኛበትን ዝቅተኛ አልጋ በእግሩ ጣት ጠቆማት። ስባ አወጣችውና ጫማዋን ሳታወልቅ ጋደም አለች። ጀርባዋ ፍራሹን ሲነካ፣ ለሦስት ሳምንት ብረት ማንሳት እንደሌለባት ገና አሁን ገባት። ከላይዋ የወንድሟ ትንፋሽ ይሰማታል፤ አጭር ነው፣ ግን ይመላለሳል።

ከተኛችበት ሆና በመጋረጃውና በወለሉ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ይታያታል። እዚያ የማልሱን ነጠላ ጫማ ቆሟል። መቼ እንደመጣች፣ ምን ያህል እንደሰማች አይታወቅም። እግሮቿ አይገቡም፤ አይሄዱምም። ኦክሂ «ግቢ እንጂ፣ እትዬ» ልትላት አፏን ከፈተች፤ ድካሙ ግን ቀደማት፤ ዓይኗ ሲከደን አንደኛው ተረከዝ ከወለሉ ብድግ ሲል አየች፣ ወደ ውስጥ ይግባ ወደ ኮሪደሩ ይመለስ ግን አላየችም።