እናትነሽ የሰጠችው ግጥም

የባንዱ መሪ ልመንህ አዲሱን አልበም በፍላሽ ይዞ ንፋስ መውጫ ሰርኬ ቤት የደረሰው እሑድ ቀትር ላይ ነው። ድምፃዊቷ እናትነሽ ከሞተች ወዲህ ባንዱ ያወጣው የመጀመሪያ አልበም ነበር፤ በእሷ ቦታ የዘፈነችው የሰርኬ ልጅ ማህሌት ናት። በማግስቱ ለአልበሙ ምረቃ ወደ ወገዳ ከተማ ሊወርዱ ነው። እናትነሽ የሞተችበት መኪና የተገለበጠው ወደዚያው በሚያወርደው ቁልቁለት ነውና፣ ጉዞውን ከሰማች ጀምሮ ለሰርኬ እህል አልወረደላትም።

«ልጄን አልሰጥህም» አለችው ገና ሳይቀመጥ።

«እትዬ ሰርኬ፣ ሽምግልና መጣሁ እንዴ? መጀመሪያ ይስሙት እንጂ!»

ማህሌት ሳቀች። «እማ እኮ ባጃጅ ስሳፈርም ሙሾ ታወርዳለች።»

ስፒከሩ ተከፈተ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሰርኬ ጆሮዋን ቀሰረች። ከየስንኙ በፊት አንዲት ሴት በሹክሹክታ ግጥም ትሰጣለች፤ አድማጭ ለአዝማሪ እንደሚሰጠው ዓይነት። ማህሌት ደግሞ ተቀብላ ታዜመዋለች።

«ግጥም የምትሰጣት ማን ናት?»

የልመንህ ፊት አመድ መሰለ። «ቆርጬ አውጥቼው ነበር። ባወጣሁት ቁጥር ይመለሳል።»

«አንተ ያመጣሃት ገጣሚ መስላኝ!» አለች ማህሌት። «በማዳመጫው ስትሰጠኝ ተቀበልኳት።»

«ስቱዲዮው ውስጥ ካንቺ ሌላ ሴት አልነበረችም።»

ፍላሹን ነቀለው። ስፒከሩ ግን ዝም አላለም። አልበሙ ውስጥ ያልነበረ ስንኝ፣ ሦስቱም በሚያውቁት በእናትነሽ ድምፅ፣ ጥርት ብሎ ወጣ፦

ወገዳ ቁልቁለት ቀረሁ ብቻዬን፤

ከዚያ ጸጥ አለ፤ ቤት የሚመታለትን ስንኝ የሚጠብቅ ጸጥታ። ማህሌት ዓይኗን አፍጥጣ ተነሳች፤ ከንፈሯ ሊቀበል ተከፈተ። ይህን ከተቀበለች ከዚያ መንገድ አትመለስም ሲል ሆዷ ለሰርኬ ነገራት። የልጇን አፍ በመዳፏ ከደነችና፣ በዕድሜዋ ዘፍና የማታውቀው ሴት ቤቱን ራሷ መታች፦

እኔው እመጣለሁ፣ ተዪልኝ ልጄን።

ማህሌት እናቷ እግር ላይ ወደቀች። «እማ፣ ምን አልሽ? መልሺው!»

ስፒከሩ ጥቂት ተንኮሻኮሸ። ከዚያ እናትነሽ፣ ጥሩ ግጥም እንደሰጧት ዘፋኝ ደስ ብሏት፣ የሰርኬን ስንኝ ተቀብላ አዜመችው።

«አንቺ ከዚህ ቤት አትነቃነቂም» አለች ሰርኬ የልጇን ጸጉር እየዳበሰች። ወደ ልመንህ ዞረች።

«መኪናው ጠዋት በስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?»